ማዳበሪያውን በጉያው የያዘው አልጌ እና የእኛ ገበሬ

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ልበልና ስለ አልጌ ላውራችሁ። በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ብለን የተማርነው ማለት ነው። ነገሩ ከገበሬያችን ማሳ የራቀ አይደለም።

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ጤፍም ሆነ ስንዴ ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ ከአየር ላይ ግን ሊወስደው አይችልም። ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች እጅግ ጠብቀው የተሳሰሩ ናቸውና። የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ይህን እስር የሚፈቱት በ400 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በከፍተኛ ግፊት፣ በአብዛኛው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። የጋዝ ዋጋ ሲንር ዩሪያም አብሮ የሚንረው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ያለ ፋብሪካ ይፈቱታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። በአንድ ነጠላ ሕዋስ የባሕር አልጌ ውስጥ ይኖር የነበረ እንዲህ ያለ ባክቴሪያ፣ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አብሮ ኖሮ፣ የአልጌው የራሱ አካል ሆኗል። ሕዋሱ ሲከፈል አብሮ ይከፈላል፤ ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ከፊሉን ከአልጌው ይቀበላል። ናይትሮፕላስት ብለውታል። ጃፓናዊቷ ኪዮኮ ሃጊኖ አልጌውን በቤተ ሙከራ ለማሳደግ ከአስር ዓመት በላይ ደክመዋል።

ታዲያ ነገ ጤፍ ራሱን ያዳብራል ማለት ነው? አይደለም። ናይትሮጅንን የሚፈታው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፤ ተክል ደግሞ ኦክስጅን አምራች ነው። አልጌው ያሳየን ነገሩ እንደሚቻል ብቻ ነው።

ገበሬው ግን ነገን እየጠበቀ አይዘራም። በ2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ማለታቸውን አንረሳም። ለያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ቢሊዮን ብር ፈሶ ሳይጠናቀቅ መቅረቱንም እናውቃለን።

በእጃችን ያለው ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ነው። በሥራቸው ላይ ባሉት ትናንሽ እባጮች ውስጥ ናይትሮጅን ፈቺ ባክቴሪያ አለ። አባቶቻችን የባክቴሪያውን ስም ሳያውቁ እህልና ጥራጥሬ የሚያፈራርቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዘሩ ላይ የሚቀባ የዚሁ ባክቴሪያ ማዳበሪያ አገር ውስጥም ይመረታል። ዩሪያን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ሸክሙን ግን ያቀላል። መንግሥት ዩሪያ ከወደብ ለማጓጓዝ ከሚጨነቀው ጥቂቱን ለዚህ ቢያደርግ ምን ነበረበት?