ሪፒተር ሲመረጥ

ራዲዮን ለእንጀራ ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍቅሩ ብለው፣ ፈቃድ አውጥተው የሚነጋገሩበት ሰዎች አማተር ይባላሉ። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ራዲዮ ግን ከተራራ ማዶ አያደርስም። ስለዚህ ማኅበራቸው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሪፒተር ይተክላል፤ ይኸውም በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ የሚደግም ጣቢያ ነው። ጎርፍ ወይም ዐውሎ ነፋስ ስልኩን በቈረጠ ጊዜ የአንድ አካባቢ ሰዎች የሚገናኙት በዚሁ ጣቢያ ሊሆን ስለሚችል፣ የዕቃው ምርጫ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

በአሜሪካ ብዙ ማኅበራት የሚገዙት ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ ወይም ለታክሲ ድርጅት ሲያገለግል የቈየ ዕቃ ነው። የአገሩ የመገናኛ ኮሚሽን እነዚህ ተጠቃሚዎች ከ25 ኪሎኸርዝ ስፋት ወደ 12.5 እንዲጠቡ አዝዞ፣ የጊዜውን ገደብ በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ስላደረገው፣ መጥበብ የማይችሉት አሮጌ ጣቢያዎች ለሽያጭ ወጡ። ትእዛዙ አማተሮችን አይመለከትምና ለነርሱ ሲሳይ ሆነ። ዳሩ ግን ርካሽ የሆነ ሁሉ ተስማሚ አይደለም። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ብንሆንም፣ ቀመር ሳናበዛ ሊታዩ የሚገባቸውን ነጥቦች እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ዕቃው የተሠራበት የፍሪኩዌንሲ ክልል ነው። የድርጅቶቹ ጣቢያዎች በአብዛኛው ከ150 እስከ 174 ወይም ከ450 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። የአሜሪካ አማተሮች ግን የተፈቀደላቸው ከ144 እስከ 148 እና ከ420 እስከ 450 ነው፤ አገራችን በምትገኝበት ክልል ደግሞ የመጀመሪያው ባንድ ከ144 እስከ 146 ብቻ ነው። ስሙና መልኩ አንድ የሆነ ጣቢያ በተለያየ ክልል ተሠርቶ ስለሚሸጥ፣ ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቍጥር ሳያነቡ መክፈል አይገባም።

ሁለተኛ፣ ዱፕሌክሰር የሚባለው ማጣሪያ ነው። 50 ዋት የሚያሰራጨውና ሩብ ማይክሮቮልት የሚሰማው ክፍል በአንድ አንቴና ሲሠሩ፣ ማጣሪያው ካልለያቸው ጣቢያው በገዛ ጩኸቱ ይደነቍራል። በ144ቱ ባንድ መላኪያና መቀበያ የሚራራቁት በ600 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ በ440ዎቹ ግን 5 ሜጋኸርዝ ይራራቃሉ። ከጣቢያው ጋር የሚሸጠው ትንሹ ማጣሪያ ለሰፊው ርቀት የተሠራ ስለሆነ ለ600 ኪሎኸርዝ አይበቃም፤ ረጃጅም በርሜል መሳይ ማጣሪያዎች ያስፈልጋሉ፤ ዋጋቸውም ካገለገለው ጣቢያ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ያነሰው ማኅበር በ440ዎቹ ቢጀምር ይሻለዋል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛ፣ ድካም መቻሉ ነው። በመኪና ላይ የሚተከል ራዲዮ ጥቂት ተናግሮ እንዲያርፍ የተሠራ ነው፤ ሪፒተር ግን ሰዎቹ እስኪጨርሱ አያርፍም። ስለዚህ ያለ ዕረፍት እንዲያሰራጭ የተሠራውን መርጦ፣ ኀይሉን ቀነስ አድርጎ ማሠራት ዕድሜውን ያረዝማል።

አራተኛ፣ አንዳንዱ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲው የሚለወጠው በአሮጌ ኮምፒዩተርና በራሱ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ እነዚህ ከሌሉ ብረት ብቻ ነው። ዐዲሶቹ ደግሞ በጠባቡ 12.5 ብቻ የተወሰኑ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሰፊው ከሚሠሩት አማተሮች ጋር ሲገናኙ ድምፃቸው ያንሳል። የጥሪ ስሙን በሕጉ መሠረት ቢበዛ በየ10 ደቂቃው ማስታወቅ መቻሉም ይታይ።

ገዢ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ዋት እንደሆነ ነው። ዋት ግን የጩኸት መለኪያ እንጂ የመስማት መለኪያ አይደለም፤ ደካማውን ጥሪ ያልሰማ ሪፒተር የሚደግመው ነገር የለውም። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይከፈል ማጣሪያውና አንቴናው ተገጥመው፣ ማሰራጫው ጠፍቶም በርቶም ደካማ ጥሪ ይላክበት። ጠፍቶ የሰማውን በርቶ ካልሰማ፣ ጕድለቱ ሳይታረም ወደ ተራራው አይውጣ።