ግማሽ ኪሎ ሜትር የተንሸራተተችው ሚኒባስ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው የእህቴ ልጅ የፊዚክስ መጽሐፏን አቅፋ ደሴ ወዳለው ቤቴ መጣች። መጽሐፉን ስገልጠው ያልተሰመረበት መስመር የለም፤ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሮዝ ሆኗል። «ጋሼ፣ ሁለቴ ጨርሼዋለሁ። ጥያቄ ሳይ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል» አለችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ። ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። ይህንኑ ቃል በየዓመቱ እሰማለሁ፤ ዛሬም አንጀቴን ይበላዋል፣ እንዲህ የሚሉት ልጆች ሰነፎች አይደሉምና።

መጽሐፉን ተቀብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩና አንድ ጥያቄ ጻፍኩላት። አንዲት ሚኒባስ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየሄደች ሳለ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ፍጥነቷ በእያንዳንዱ ሰከንድ 5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። እስክትቆም ስንት ሜትር ትሄዳለች? ልጅቷ ፎርሙላውን አልሳተችም፤ ፍጥነቱን በራሱ አባዝታ ለአክስለሬሽኑ እጥፍ አካፈለች። 72 በ72፣ 5184፤ ለ10 ሲካፈል 518.4 ሜትር። መልሱን ሁለቴ አሰመረችበት።

«እንግዲህ ይህቺ ሚኒባስ ፍሬን ተይዞባት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ተንሸራተተች ማለት ነው?» አልኳት። ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ለ3.6 ሲካፈል 20 ሜትር በሰከንድ ነው። 20 በ20፣ 400፤ ለ10 ሲካፈል 40 ሜትር። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ያ 518.4 ከአማራጮቹ መሀል ተቀምጦ ቢጠብቃት አይገርመኝም። እኔም ፈተና ሳወጣ አስቀምጠዋለሁ፤ ልጆቹ የት እንደሚሳሳቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።

እቅዳችን የተነሳው ከዚህች ሚኒባስ ነው። በማግስቱ ጠዋት አንድ የድሮ ፈተና ሰጠኋት፤ ያለ ካልኩሌተር፣ ሰዓት ተይዞ፣ በር ተዘግቶ። ካረምነው በኋላ ነጥቡን እንድትቆጥር አልፈቀድኩላትም። ይልቅ ከእያንዳንዱ ስህተት ጎን ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፈች፦ «ዩኒት»፣ «አቅጣጫ»፣ «ችኮላ»፣ «አላውቀውም»። ስትጨርስ ራሷንም ገረማት። እንቅልፍ የነሳት «አላውቀውም» የሚለው ነበር፤ ወረቀቱን የሞላው ግን «ዩኒት» እና «ችኮላ» ነው። አሥር ቀን ላለው ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ የምስራች የለም። ያልተማሩትን ፊዚክስ በአሥር ቀን መማር ከባድ ነው፤ ዩኒት መቀየርን ግን በሁለት ከሰዓት ይጨርሱታል።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ሁሉ ጥያቄ መሥራት ሆነ። አንዱ ጥያቄ ላይ ከተያዘች አሥር ደቂቃ ትታገላለች። አልሆን ካለ መጽሐፉን ትከፍትና ታያለች፤ ዘግታው እንደገና ከመጀመሪያው ትሠራለች። ብዙ ልጆች የሚዘሉት ይህን የመጨረሻውን ነው። የተሠራ መልስ አንብበው «ገባኝ» ይላሉ፤ የገባቸው ግን የሌላ ሰው አሠራር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ይህን ፈትነውታል። አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን በጻፉት ተበለጡ። ቢጫና ሮዝ ቀለም ተማሪን የሚያታልለው በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ነው።

እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታቴ ፈተና ሲቃረብ ፎርሙላ በአንድ ወረቀት ሰብስቤ «ሸምድዱ» እል ነበር። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን እህቴ መጣች። ልጅቷን ጭራሽ ያልነካችውን ምዕራፍ ተዪው እንዳልኳት ሰምታ ተቆጣች። «ወንድሜ፣ ጥያቄው ከዚያ ቢመጣስ?» ይመጣል፤ አልደበቅኳትም። ሦስት ቀን የሚወስድ አዲስ ምዕራፍ ግን ከጥቂት ጥያቄ በላይ አያስገኝላትም። በዚያው ሦስት ቀን ግማሽ የምታውቀውን ሰርኪዩት ታቃናለች። ሁለት ባለ 6 ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ሲያያዙ 12፣ ጎን ለጎን ሲያያዙ 3 እንደሚሆኑ ታውቃለች፤ ፈተና ላይ ግን ይገለባበጥባታል። አዳራሽ ሁለት በር ሲኖረው ሕዝቡ ቶሎ ይወጣል አልኳት፤ መንገድ ሲበዛ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ አልተገለባበጠባትም። በመስከረም ምዕራፍ ዝለሉ የሚል መምህር ካለ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ስለጀመረ የብዙ ተማሪዎች የመጨረሻ ማታ ቤት ውስጥ የሚያልፍ አይደለም። ዶርም ውስጥ፣ ከማያውቁት ልጅ ጎን፣ ያለ ስልክ ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2016 5.4 በመቶ ደረሰ። ይህን ቁጥር ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል፤ ከፎርሙላው ይልቅ የሚያስፈራቸውም እሱ ነው። ስለዚህ ጥናቱን ከጉዞው ሁለት ቀን ቀደም ብለን ዘጋን። ከዚያ በኋላ የፈቀድኩላት የስህተቶቿን ወረቀት ጠዋት ጠዋት ማየት ብቻ ነው። ማታ በሦስት ሰዓት ትተኛለች። እንቅልፍ ለማባረር ጫት የሚቅሙ፣ ቡና በላይ በላዩ የሚጠጡ ልጆች አይቻለሁ፤ ፈተና ክፍል ውስጥ ጥያቄውን ሦስቴ አንብበው አይጨብጡትም። ያ ሲሆን ማየት ለአስተማሪ ሕመም ነው።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ከእናቷ ጋር ሸኘናት። አውቶብሱ ሞተሩን አስነስቷል። በመስኮቱ ብቅ ብላ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ አውቶብስ በ90 እየሄደ እንደ ሚኒባሷ ፍሬን ቢይዝስ?»

«አንቺው ንገሪኝ» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች፤ ጣቷ መስታወቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። «ሃያ አምስት... ስድስት መቶ ሃያ አምስት... ስልሳ ሁለት ነጥብ አምስት ሜትር!» አለች፤ አውቶብሱም ተንቀሳቀሰ።