ሙቀቱ የት ይሄዳል? በሆሳዕና ከፍታ የቤት መዋኛ ገንዳን ማሞቅና ማሞቂያውን መጠገን

ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተጓዙ ወጣቶች የላኩት ገንዘብ የሆሳዕናን፣ የዱራሜን፣ የሾኔንና የሺንሺቾን መልክ ከለወጡት ነገሮች አንዱ ነው። በዚህ ገንዘብ የመኖሪያ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ይሠራል፤ ከገንዘቡም ጋር የቤት አሠራር ሐሳብ አብሮ ይመጣል። የግቢ መዋኛ ገንዳ በእነዚህ ከተሞች ገና ብርቅ ነው። በጆሃንስበርግ ግን በብዙ መኖሪያ ግቢዎች የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ እዚያ ኖሮ የተመለሰ ባለሀብት ገንዳን በቤቱ ወይም በሆቴሉ ፕላን ውስጥ ቢያስገባ የሚያስደንቅ አይደለም። ገንዳው ተቆፍሮ፣ ተለስኖና ውሃ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ የሙቀት ነው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ፣ ዱራሜ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ቀኑ ለስላሳ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ለመዝናኛ የሚዋኝ ሰው የሚመቸው የውሃ ሙቀት ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ ያልሞቀ ገንዳ ይህን ያህል ሙቀት በራሱ አይዝም።

በኢትዮጵያ የሞቀ መዋኛ ታሪክ ከመሣሪያ ይልቅ ከምድር ከርስ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በወደዱት የፍልውሃ አካባቢ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል መዋኛም ሙቀቱን የሚያገኘው ከዚሁ ከከርሰ ምድር ከሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው። ሶደሬና ወንዶ ገነትም የታወቁት በፍል ውሃቸው ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ያለማቋረጥ አዲስ ሙቅ ውሃ ስለሚገባ፣ ከገንዳው ምን ያህል ሙቀት እንደሚጠፋ ማስላት ብዙም አላስፈለገም። ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ ላይ የቆመ የሆሳዕና ቤት ግን ሙቀቱን የሚገዛው በቆጣሪ ስለሆነ ስሌቱን ማምለጥ አይችልም።

ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ ይወሰድ። ገንዳው 48 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ስለሚያስፈልግ፣ ይህን ገንዳ በ1 ዲግሪ ማሞቅ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። ከ18 ዲግሪ ተነስቶ 27 ለማድረስ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። መጠኑን በቤት ቋንቋ ለመግለጽ፣ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሳይጠፋ ስድስት ቀንና ስድስት ሌሊት ቢጣድ የሚፈጀው ኃይል ነው።

ይህ ቁጥር ትልቅ ይምሰል እንጂ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ባለቤቱን የሚያደኸየው የየቀኑ ኪሳራ ነው፤ የዚህም ዋነኛ በር የውሃው ገጽ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ከቀሪው ውሃ ላይ ይዞ ይሄዳል። የምሳሌው ገንዳ ገጽ 32 ሜትር ካሬ ነው። ደረቅ ነፋስ ባለበት የበጋ ቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢተን 160 ሊትር ይጠፋል፤ ከእርሱም ጋር 109 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት። ይህ ብቻውን ገንዳውን በቀን ወደ 2 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ነው። በተጨማሪም በጠራ የበጋ ሌሊት ውሃው ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ይለቅቃል። ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ስለሚሳሳና እርጥበቱ ስለሚያንስ ይህ ኪሳራ ይበረታል። በገንዳው ግድግዳና ወለል በኩል ወደ አፈሩ የሚያልፈው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ስለዚህ ለግድግዳ ሙቀት መከላከያ ብዙ ወጪ አውጥቶ ገጹን ክፍት መተው በሩን ከፍቶ መስኮት እንደ መድፈን ይቆጠራል።

የ160 ሊትሩ ነገር በራሱ ቆም ብሎ የሚታይ ነው። ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር አንድ ገንዳ በየቀኑ ስምንት ጀሪካን ወደ አየር መበተኑ የጎረቤት ጉዳይ ይሆናል። የሙቀቱና የውሃው ኪሳራ አንድ ምንጭ ስላላቸው መድኃኒታቸውም አንድ ነው፤ እርሱም ሽፋን ነው። ሽፋኑ ትነቱን ከ5 ወደ 1 ሚሊ ሜትር ቢያወርደው በቀን 128 ሊትር ውሃና 87 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይተርፋል። ባለ 6 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህን ሙቀት ለመተካት ከ14 ሰዓት በላይ መሥራት ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ የሚመረተው የአየር ከረጢት ያለው ተንሳፋፊ ፕላስቲክ በቅርብ ካልተገኘ፣ የአበባ እርሻዎች ለግሪንሃውስ የሚጠቀሙበት ፀሐይ የማይሰባብረው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በጥቅል እንጨት ላይ ተጠምጥሞ ሊያገለግል ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ያልተወጠረ ፕላስቲክ የሰው ክብደት አይሸከምም፤ የወደቀን ሕፃንም ከእይታ ይሰውራል። ስለዚህ ከመዋኘት በፊት ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት፤ ገንዳውም የሚቆለፍ አጥር ያስፈልገዋል።

የማሞቂያ ምርጫ ትርጉም የሚኖረው ይህ ከተደረገ በኋላ ነው። በብዙ ቤቶችና ሆቴሎች ጣሪያ ላይ የሚታየው ባለ ብርጭቆ ቱቦ የፀሐይ ቦይለር ለገንዳም የሚበቃ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። 200 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ያሞቀ ቦይለር ያከማቸው ሙቀት 10 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ይህ ሙቀት ወደ ገንዳው ቢገባ ውሃውን 0.2 ዲግሪ እንኳ አያሳድገውም። ገንዳ የሚፈልገው ጥቂት ፍልቅልቅ ውሃ ሳይሆን በጥቂቱ የሞቀ ብዙ ውሃ ነው። ለዚህ ደግሞ መስታወት የሌለው ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ የተሻለ ነው። የማጣሪያው ፓምፕ የገንዳውን ውሃ በጣሪያው ላይ በተዘረጋው ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ይመልሰዋል። 20 ሜትር ካሬ ስፋት ያለው እንዲህ ያለ ዝርግ፣ በቀን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት በሜትር ካሬ ፀሐይ አግኝቶ ስድስት አሥረኛውን ቢይዝ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ከ1 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። ሽፋን ለሌለው ገንዳ ይህ ከንቱ ድካም ነው። ሽፋን ላለው ገንዳ ግን ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ሀብት ነው።

ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ልምድ በቀጥታ ሊገለበጥ የማይችለው እዚህ ላይ ነው። ጆሃንስበርግ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ በ26 ዲግሪ ስለምትገኝ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በሰሜን በኩል ትታያለች፤ የፀሐይ ማሞቂያም ወደ ሰሜን ይዞራል። ሆሳዕና ግን በሰሜን ኬክሮስ በ7.5 ዲግሪ ላይ ናት። ሙቀት በሚፈለግባቸው የጥቅምት፣ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ወራት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትውል ዝርጉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ማለት አለበት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትሯ ፀሐይ ወደ ሰሜን ብታልፍም፣ ዝንባሌው ትንሽ ስለሆነ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ የዚህ ጊዜ አብዛኛው ክፍልም ደመናማ ክረምት ነው። እዚያ የሠለጠነ ባለሙያ በእጁ ልምድ ብቻ ቢሠራ ዝርጉን ወደ ተሳሳተ ሰማይ ሊያዞረው ይችላል።

ፀሐይ የማይበቃው ሰው የሚያማርጠው በሙቀት ፓምፕ፣ በቀጥታ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና በጋዝ መካከል ነው። የሙቀት ፓምፕ የማቀዝቀዣ ፍሪጅ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል፤ ሙቀትን ከአየር ወስዶ ወደ ውሃ ያሸጋግራል እንጂ አዲስ ሙቀት አይፈጥርም። በዚህም ምክንያት ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ አራት ያህል ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 125 ይወርዳል ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን የሚወደድ በመሆኑና ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየተስተካከለ በመሆኑ፣ ይህ ልዩነት ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ የሚሄድ ነው። ሆኖም የአምራቾች መግለጫ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ለቆላ አየር ነው። በሆሳዕና የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ የመሣሪያው ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየር ክብደት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሌሊት አየሩ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀርብ ደግሞ የሚቀዳው ሙቀት ያንሳል፤ በመሣሪያው ቱቦዎች ላይም ውርጭ ሊጋገር ይችላል። ስለዚህ ከመግለጫው ከፍ ያለ አቅም ያለውን መግዛትና ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ብቻ ማሠራት ይመረጣል። የጋዝ ማሞቂያም የሳሳ አየር ይጎዳዋል። በዚህ ከፍታ የማቃጠል አቅሙ ከሩብ በላይ እንዲቀነስ ሆኖ ካልተስተካከለ ጥላሸትና መርዛማ ጭስ ያመነጫል። ገንዳውን አንድ ጊዜ ለማሞቅ ብቻ አራት ያህል ባለ 12.5 ኪሎ ግራም ሲሊንደር ይፈልጋል። የባሕር ዛፍ እንጨት የሚታሰብ ቢሆንም ለመዝናኛ ዛፍ መማገድ በዚህ ጽሑፍ እንደ አማራጭ አልተቆጠረም።

ጥገናን በተመለከተ የተለመደው ስሕተት ውሃው ሲቀዘቅዝ መሣሪያውን መፍታት ነው። መጀመሪያ የሚመረመረው የውሃው ፍሰት ነው። ማጣሪያው በቆሻሻ ሲደፈን በቂ ውሃ ወደ ማሞቂያው አይደርስም፤ የፍሰት መቆጣጠሪያውም ራሱን ለማዳን መሣሪያውን ያጠፋዋል። በዚህ ጊዜ ማሞቂያው የተበላሸ ይመስላል፤ ማጣሪያው ሲታጠብ ግን ይነሳል። ቀጥሎ ቮልቴጅ ይለካል። የሬዚስታንስ ማሞቂያ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ በ220 ቮልት 6 ኪሎ ዋት የሚሰጥ መሣሪያ መስመሩ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ 4 ኪሎ ዋት ብቻ ይሰጣል። እዚህ ላይ አዲስ ሬዚስታንስ መግዛት ምንም አይለውጥም። ለሙቀት ፓምፕ ደግሞ የቮልቴጅ መውረድ ከኃይል ማነስ አልፎ ኮምፕሬሰሩን ያቃጥላል። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመጣም ወዲያው መነሳት የለበትም። ለፍሪጅ የሚደረገው ዓይነት፣ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያስነሳ መከላከያ ያስፈልገዋል።

ፍሰቱም ቮልቴጁም ደህና ከሆኑ የውሃው ጠባይ ይታያል። የጉድጓድ ውሃ የኖራ ቅርፊት በሬዚስታንሱ ላይ ሲጋግር ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጣት ያቅተውና ብረቱ ራሱን ያቃጥላል። ቅርፊቱ በለዘብተኛ አሲድ ይለቅቃል፤ ነገር ግን መሣሪያው ከመስመሩ ተለይቶ መታጠብ አለበት። በተቃራኒው ውሃው ወደ አሲድነት ካዘነበለ የመዳብ ቱቦው ይበላል፤ በገንዳው ግድግዳ ላይ የሚታየው ሰማያዊ አረንጓዴ እድፍ ምልክቱ ነው። የውሃው ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ ሊጠበቅ፣ ክሎሪንም ከማሞቂያው በፊት ሳይሆን ውሃው ከማሞቂያው ከወጣ በኋላ ሊጨመር ይገባል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ከማሞቂያው ውጭ ነው። የሚያፈስ ገንዳ በየቀኑ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚጨመርበት ምንም ያህል ቢሞቅ አይጠግብም። ለማጣራት መሣሪያ አያስፈልግም። ባልዲ በገንዳው ውሃ ተሞልቶ በገንዳው ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ የባልዲውና የገንዳው ውሃ ልክ ምልክት ይደረግበትና ከ24 ሰዓት በኋላ ይነጻጸራል። ሁለቱ እኩል ከቀነሱ የወሰደው ትነት ነው። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ ስንጥቅ ወይም የላላ የቧንቧ መጋጠሚያ አለ። ይኸው የባልዲ ልኬት ለአንድ በጋ ሙሉ በየቀኑ ቢመዘገብ፣ እዚህ ለምሳሌ በተወሰደው 5 ሚሊ ሜትር ፈንታ የሆሳዕናን እውነተኛ የትነት መጠን ይሰጣል።

የትኛውም ዓይነት ተመርጦ የትኛውም ጥገና ቢደረግ፣ ከውሃው ጋር የሚገናኝ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሁሉ በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦ ሊኖረው ይገባል። የገንዳው ፌሮና በዙሪያው ያሉ ብረቶችም ከዚሁ ሽቦ ጋር መታሰር አለባቸው። ከዚህም ጋር ከ30 ሚሊ አምፔር የማይበልጥ የኤሌክትሪክ ማፈትለክ ሲሰማው መስመሩን የሚቆርጥ ብሬከር ይገጠማል። ተራው ብሬከር የሚቆርጠው ሽቦውን ከቃጠሎ ለማዳን ነው፤ በእርጥብ ሰውነት ውስጥ የሚያልፈውን ሞት የሚያደርስ ትንሽ ኤሌክትሪክ አይሰማውም። ይህ ብሬከር ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር የሚወርድ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ የሬዚስታንሱ ሽፋን ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። የሚለወጠው ሬዚስታንሱ ነው፤ ብሬከሩን አልፎ በቀጥታ ሽቦ ማገናኘት ግን ገንዳው ውስጥ ያለውን ሰው ለሞት ማጋለጥ ነው።