ራፕን በወረቀት መዳኘት

«ታላቅ የራፕ ዘፈን የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ በተነሳበት ጠረጴዛ ሁሉ ሁለት ጎራ ወዲያው ይለያል፡፡ በዕድሜ ገፋ ያለው፣ ዲግሪውን የያዘው፣ እንደኛ ያለው ወገን «መልእክቱ ምንድን ነው?» ይላል፡፡ ወጣቱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ስንት ሚሊዮን ሰው እንዳየው ያሳያል፡፡ ይህ ጸሐፊ ሁለቱም መለኪያዎች ዒላማውን ስተዋል ባይ ነው፡፡ ነገሩ የቡና ሰዓት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ራፕ ምን እንደሆነ ያልገባው ጆሮ ችሎት ላይ ሲቀመጥ ግን ሰው እስር ቤት ይገባል፡፡ ወደዚያው እንደርሳለን፡፡ (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

በቀላሉ ከሚወድቀው መለኪያ እንጀምር፡፡ በአሜሪካ የቢልቦርድ ዋና ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው የመጀመሪያው የሂፕ ሆፕ ዘፈን የቫኒላ አይስ «አይስ አይስ ቤቢ» ነው፤ ዓመቱ 1990፡፡ ዛሬ ስለ ታላላቅ የራፕ ሥራዎች ሲወራ ይህንን ከፊት የሚያሰልፍ ሰው ቢገኝ ለቀልድ ነው፡፡ በአንጻሩ ናስ በ20 ዓመቱ፣ በ1994 ያወጣው «ኢልማቲክ» የተባለ አልበም የ500 ሺሕ ቅጂ ዕውቅና ለማግኘት ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው፡፡ ስለ ራፕ የሚጽፉ ሰዎች ግን ዛሬ ከምርጦቹ ተርታ ሳይጠሩት አያልፉም፡፡

የመልእክቱ ክርክር ጠንከር ይላል፡፡ ምክንያቱም ደጋፊዎቹ በማስረጃነት የሚያቀርቡት ዘፈን እውነትም ታላቅ ነው፡፡ በ1982 የወጣው የግራንድማስተር ፍላሽ ኤንድ ዘ ፊውሪየስ ፋይቭ «ዘ ሜሴጅ» ስሙ ራሱ «መልእክቱ» ማለት ነው፤ የኒው ዮርክን የድሃ ሰፈር ኑሮ ይተርካል፡፡ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2002 ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ 50 ቅጂዎች አንዱም እሱ ነው፡፡ የሚገርመው፣ የቡድኑ አባላት መጀመሪያ ሊቀዱት አልፈለጉም፤ በጭፈራ ለለመደ ሰው ምን ይሆናል ብለው ፈሩ፡፡ አብዛኛውን የጻፈው ዱክ ቡቲ ሲሆን፣ ከአባላቱ መካከል ራፕ ሲያደርግ የምንሰማው ሜሊ ሜልን ብቻ ነው፡፡ ድህነትን የተናገረ ዘፈን ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፡፡ ታዲያ ይኼኛውን ያኖረው ምንድን ነው? በእኔ ጆሮ፣ ከዘመኑ የጭፈራ ዘፈኖች ዝግ ማለቱ፣ በቃላቱ መካከል የተተወው ባዶ ቦታ፣ እንዲሁም ድምፁ ትዕግሥቱ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ሰው ድምፅ መሆኑ ነው፡፡ ያንኑ ሐሳብ በርዕሰ አንቀጽ መልክ ብንጽፈው (ይህ ጸሐፊ ዕድሜውን በዚህ ሥራ ፈጅቷልና ያውቀዋል) በማግስቱ የስኳር መጠቅለያ ይሆናል፡፡

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፡፡ ራፕ የሚጋልበው ባመዛኙ በአራት ምት በሚቆጠር ከበሮ ላይ ነው፤ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ጠንከር ይላሉ፡፡ ራፐሩ እንደ ዘፋኝ የሚደገፍበት ዜማ የለውም፡፡ ያለው ነጻነት እያንዳንዱን ቀለም ከምቱ ላይ፣ ከምቱ ቀደም ወይም ዘግየት አድርጎ ማስቀመጥ ነው፡፡ ባለሙያዎቹ «ፍሎው» የሚሉት ይህንኑ ነው፡፡ ቀደምቶቹ በአብዛኛው በየመስመሩ መጨረሻ ቤት እየመቱ፣ እዚያው ላይ እየቆሙ ነበር የሚያወርዱት፡፡ በ1987 ከኤሪክ ቢ ጋር «ፔይድ ኢን ፉል» የተባለውን አልበም ያወጣው ራኪም ግን ቤት መምቻውን ወደ መስመሩ ሆድ አስገባው፡፡ ዐረፍተ ነገሩም መስመሩን ተሻግሮ እንዲፈስ ለቀቀው፡፡ ሳክስፎን የተጫወተ፣ ጆን ኮልትሬንን እያዳመጠ ያደገ ልጅ ስለሆነ ትንፋሹን እንደ ነፊ ነው የሚከፋፍለው፡፡ አይጮኽም፡፡ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣ ቁም ነገረኛ ራፐር ሁሉ እሱን እንዳልሰማ ሆኖ መጻፍ አልቻለም፡፡

የአማርኛ አንባቢ ይህ ነገር ሊገባው ይገባል፡፡ በቋንቋችን ግሡ ከመጨረሻ ስለሚመጣ ቤት መምታት ርካሽ ነው፤ «መጣ»፣ «ወጣ»፣ «አመጣ» እያሉ እስከ ነገ መሄድ ይቻላል፡፡ ስለዚህ በአማርኛ ራፕ የሚያደርግ ወጣት ቤት ስለመታ ብቻ ሊጨበጨብለት አይገባም፡፡ ፈተናው ሌላ ቦታ ነው፡፡ አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ አለው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ይናገራል፡፡ «አለ»ም እንዲሁ ነው፡፡ ከበሮው የሚላላውን ቃል አጥብቆ ካስመታው ትርጉሙ ይዞት ይጠፋል፡፡ ባለቅኔው ይህንኑ ባሕርይ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ሆን ብሎ ይጠቀምበታል፤ ያልበሰለው ራፐር ሳያውቀው ይወድቅበታል፡፡ ቴዲ ዮ በ«ጉራጌ ቶን» የአገር ቤት ምት ለራፕ እንደሚመች ካሳየ ወዲህ፣ «ከበሮው የእኛ አይደለም» የሚለው ሰበብም አይሠራም፡፡

ወደ ከባዱ ጉዳይ እንሻገር፡፡ ራፐር «እኔ» ሲል የሚናገረው ማን ነው?

ናስ በ1996 «አይ ጌቭ ዩ ፓወር» በተባለው ዘፈኑ የሚናገረው ሽጉጥ ሆኖ ነው፡፡ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ የሰው ሥራ ያንገፈገፈው ሽጉጥ፡፡ አንድ ቀን «አልተኩስም» ብሎ ያምጻል፤ ባለቤቱ በዚያው ይገደላል፡፡ ሽጉጡም አርፌያለሁ ሲል ሌላ ሰው ያነሳዋል፡፡ ኤሚኔም በ2000 ባወጣው «ስታን» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ዘፋኙን ራሱን ሳይሆን በፍቅሩ ያበደ አድናቂውን ነው፤ ደብዳቤ እየጻፈ፣ መልስ እየጠበቀ፣ እየከረረ ይሄዳል፡፡ ዘፋኙ በመጨረሻው ክፍል ረጋ ብሎ መልስ ሲጽፍ ጊዜው አልፏል፡፡ በእኔ ሚዛን ከፍ የሚሉት እንዲህ ያሉት ናቸው፡፡ የምንፈራውን ወይም የምንንቀውን ፍጡር አፍ ተውሰው፣ ሳይሟገቱለትም ሳያወግዙትም ያናግሩታል፡፡

ራፕ ግን በራሱ ላይ ገመድ ያጠመደ ጥበብ ነው፡፡ ገበያው «ያልኖርኩትን አልናገርም» የሚለውን ፉከራ ሲሸጥ ኖሯል፤ አድማጩም አምኖ ገዝቷል፡፡ ዐቃቤ ሕግም ይህንን ሰምቷል፡፡

በኒው ጀርሲ ግዛት ስኪነር የተባለ ተከሳሽ በግድያ ሙከራ ሲዳኝ፣ በማስታወሻ ደብተር የጻፋቸው የራፕ ግጥሞች 13 ገጽ ያህል ለሸንጎው ተነበቡ፡፡ ብዙዎቹ ወንጀሉ ከመፈጸሙ ዓመታት በፊት የተጻፉ ነበሩ፤ ስለ ተጎጂውም ስለ ድርጊቱም የሚሉት ነገር አልነበረም፡፡ ልብ በሉ፤ ያለ ከበሮ፣ ያለ ድምፅ፣ በችሎት ንባብ ነው የቀረቡት፡፡ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ይህ ስሕተት ነው ሲል ወሰነ፡፡ ቦብ ማርሌይ ሸሪፍ ስለ መተኮስ ስለዘፈነ ብቻ ሸሪፍ ገድሏል የሚል ሰው እንደሌለም አነሳ፡፡ ካሊፎርኒያ በ2022 የፈጠራ ሥራ በወንጀል ማስረጃነት የሚቀርብበትን በር የሚያጠብ ሕግ አወጣች፡፡ ጆርጂያ ግን በሌላ መንገድ ሄደች፡፡ በራፐር ያንግ ተግ ላይ በተመሠረተው የወንበዴ ቡድን ክስ፣ ዳኛው በኅዳር 2023 ግጥሞቹ በቅድመ ሁኔታ ሊቀርቡ ይችላሉ አሉ፡፡ ራፐሩ በጥቅምት 2024 ጥፋተኝነቱን አምኖ በ15 ዓመት የአመክሮ ጊዜ ተለቀቀ፡፡

ለእኛ የሕግ ሰዎች ነገሩ እንግዳ መሆን አልነበረበትም፡፡ በበልሃ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው ቆሞ፣ ግጥም እየደረደረ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረደ ባላጋራውን ያጣጥል ነበር፡፡ እያንዳንዱን ሽሙጥ እንደ ምስክርነት ቃል የሚይዝ ዳኛ ቢቀመጥ ኖሮ አንድም ሙግት ባልተቋጨ ነበር፡፡

በግንቦት 2024 የወጣው የኬንድሪክ ላማር «ኖት ላይክ አስ» ይህንን ሁሉ በአንድ ዘፈን ጠቅልሎ አመጣው፡፡ ላማር በ2018 ከክላሲካልና ከጃዝ ውጪ የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ መልእክት ፈላጊው ወገን የሚኮራበት ራፐር ማለት ነው፡፡ ይህ ዘፈን ግን መልእክት የለውም፤ ድሬክን መስደብ ነው ሥራው፡፡ ውንጀላውም ለመጻፍ የሚያሳፍር ነው፡፡ ሆኖም መስተርድ የሠራው ምት የሠርግ ቤት ያህል ያስጨፍራል፤ ላማርም ስድቡን ሕዝብ ተቀብሎ እንዲጮኽለት አድርጎ ሰካክቶታል፡፡ ባላጋራን በጭፈራ ማሸነፍ ይሉሃል ይህ ነው፡፡ በየካቲት 2025 አምስት ግራሚ ወሰደ፡፡ ታላቅ ነው ወይ? ነው እላለሁ፤ እያመመኝም ቢሆን፡፡ የሰው ስም እንዲህ በቀላሉ ሲጠፋ ማየት ለሕግ ምሩቅ አይመችም፡፡

ድሬክ በጥር 2025 ከሰሰ፤ የከሰሰው ላማርን ሳይሆን ዘፈኑን ያሰራጨውን፣ የራሱንም ሙዚቃ የሚያሰራጨውን ዩኒቨርሳልን ነው፡፡ የኒው ዮርኳ ፌዴራል ዳኛ ጃኔት ቫርጋስ በጥቅምት 2025 ክሱን ዘጉት፡፡ በጦፈ የራፕ ግጥሚያ መካከል የተወረወረን ቃል አስተዋይ አድማጭ የተጣራ ሐቅ አድርጎ አይወስደውም አሉ፡፡ ድሬክ ይግባኝ ጠየቀ፡፡ ዩኒቨርሳል ክሱ እንዲዘጋ ባቀረበው አቤቱታ ግን አንድ የቆየ ወረቀት መዝዞ ነበር፡፡ ዐቃብያነ ሕግ የራፕ ግጥምን እንደ ወረደ ሐቅ መቁጠራቸውን እንዲያቆሙ የሚጠይቅ፣ በ2022 የወጣ ግልጽ ደብዳቤ ነው፡፡ ከፈራሚዎቹ አንዱ ድሬክ ነበር፡፡