የኔትወርክ አውቶሜሽን አተገባበር

የኔትወርክ አውቶሜሽን ማለት ራውተር፣ ስዊችና ፋየርዎልን የመሳሰሉ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ በእጅ ከማስተካከል ይልቅ ሥራውን በሶፍትዌር የማከናወን ዘዴ ነው። ለምሳሌ የ100 ስዊቾችን የይለፍ ቃል መቀየር ቢያስፈልግ፣ ባለሙያው ትእዛዙን አንድ ጊዜ ጽፎ ለሁሉም ያስተላልፋል። ሥራው ይፈጥናል፤ ነገር ግን የተሳሳተ ትእዛዝም በዚያው ፍጥነት ወደ 100ዎቹ ይደርሳል። ስለዚህ ድርጅቶች አሠራሩን በደረጃ መጀመራቸው ይመከራል።

ደረጃዎች

* ማንበብ፦ በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ምንም ሳይቀይር መረጃ ብቻ ይሰበስባል። የየመሣሪያውን ቅንብር በየዕለቱ ቀድቶ ማስቀመጥ ጥሩ ጅምር ነው።
* መመዝገብ፦ የትኛው መሣሪያ የት እንዳለና አድራሻው ምን እንደሆነ በአንድ መዝገብ ይሰፍራል። መዝገቡ ከተሳሳተ ፕሮግራሙም ይሳሳታል። ኔትቦክስ ለዚህ የሚያገለግል ነፃ ሶፍትዌር ነው።
* ቀላል ለውጥ፦ ተደጋጋሚና ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ ሥራ ይመረጣል፤ ለምሳሌ የሰዓት ሰርቨር አድራሻን መቀየር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አንሲብል ለዚህ በሰፊው ይሠራበታል።
* ሰፊ ለውጥ፦ ለውጡ በጊት ተመዝግቦ በሌላ ባለሙያ ከታየ በኋላ በጥቂት መሣሪያዎች ይሞከራል፤ ከዚያ ለሌሎቹ ይተላለፋል።

ወደ ነበረበት መመለስ

ከማንኛውም ለውጥ በፊት መመለሻ መንገድ ይዘጋጃል። በጁኒፐር መሣሪያዎች ላይ ለውጥን በጊዜ ገደብ ማጽደቅ ይቻላል። ባለሙያው በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላረጋገጠ መሣሪያው ራሱ ወደ ቀድሞው ቅንብር ይመለሳል። ስለዚህ ባለሙያው በስህተት ራሱን ከመሣሪያው ቢያቋርጥም ግንኙነቱ ይመለሳል።

የፌስቡክ መቋረጥ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለ6 ሰዓት ገደማ ተቋርጠው ነበር። በጥገና ወቅት የዋናውን ኔትወርክ አቅም ለመፈተሽ የተሰጠ ትእዛዝ የመረጃ ማዕከላቱን የሚያገናኙትን መስመሮች በሙሉ አቋረጠ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ማስቆም የነበረበት የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ራሱ እንከን ስለነበረበት አላስቆመውም። ባለሙያዎቹ ችግሩን ለመፍታት የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎችም በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ፣ በአካል ወደ ማዕከላቱ መሄድ አስፈለጋቸው።

የባለሙያው ድርሻ

አውቶሜሽን የባለሙያውን ሥራ ይለውጣል እንጂ አያስቀረውም። ትእዛዝ በመጻፍ ይጠፋ የነበረው ጊዜ ለውጥን ወደ መገምገምና ወደ መሞከር ይዞራል። ስለሆነም ድርጅቱ ሶፍትዌሩን ከማስገባቱ ጎን ለጎን ሠራተኞቹን በፕሮግራም አጻጻፍ ማሠልጠን፣ በእጅ የመጠገን ልምዳቸውም እንዳይጠፋ ማድረግ ያስፈልገዋል።