ከጅግጅጋ እስከ አይሻ፦ የጠራ ምስል ለማግኘት ዲሹ ወዴት ይዙር?

የከረን ዝናብ ትንበያ፣ የቁም እንስሳት በሽታ ማስጠንቀቂያ፣ የገበያ ዋጋና የመንገድ መረጃ በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ወደ ብዙ ቤተሰቦች ከሚደርሱባቸው መንገዶች አንዱ ቴሌቪዥን ነው። ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ተበጣጥሶ ድምፁ ሲቆራረጥ ግን የትንበያው ግማሽ ያመልጣል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሪሲቨሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል፤ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ይገዛል፤ ችግሩ ግን አዲሱንም ተከትሎ ይመጣል። ጉድለቱ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሳሎን ሳይሆን ከጣሪያ ላይ ነው፤ የላላ ብሎን፣ ውኃ የገባበት የኬብል ጫፍ፣ ወይም ከትክክለኛው አቅጣጫ በሁለት ዲግሪ የዞረ ዲሽ ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ምስሉ ወደየቤቱ የሚደርሰው ከምድር ማሠራጫ ማማ ነበር። በአንዳንድ ጣሪያዎች ላይ አሁንም የሚታየው የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ምድራዊ ሥርጭት ከማማው እስከ አንቴናው ድረስ ክፍት መስመር ይፈልጋል። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ሲመጣ የሚያጋጥመው የካራማራ ሰንሰለት እንዲህ ላለው ሥርጭት ትልቅ ግድግዳ ነው። የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች በ1998 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ባደረጉት ስምምነት ለአብዛኛው የአናሎግ ሥርጭት የሰጡት የጥበቃ ጊዜ በሰኔ 2007 ዓ.ም. አብቅቷል። በአቅራቢያው ዲጂታል ማሠራጫ ያለው ተመልካች ያንኑ የዓሣ አጥንት አንቴና ወደ ማማው አዙሮ፣ ዲጂታል ምድራዊ ሥርጭት በሚቀበል ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ሊጠቀምበት ይችላል። ለቀረው ሕዝብ ግን ዋናው መንገድ ሳተላይት ነው።

በዚህ ረገድ መሠረታዊ ለውጥ የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ የሳተላይት ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የተሰኘውን መድረክ አስጀመረ። ቀደም ሲል በናይልሳትና በሌሎች የዓረብ አገሮች ተመልካቾች በሚጠቀሙባቸው ሳተላይቶች ላይ ተበታትነው የነበሩ ጣቢያዎች ኤንኤስኤስ 12 ወደተባለው ሳተላይት ተሰባሰቡ፤ የኤችዲ ሥርጭትም አብሮ ተስፋፋ። ይህ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ቆሞ የሚታይ ነው።

ለጅግጅጋ ነዋሪ ይህ ለውጥ ዲሹን ከአንዱ የሰማይ ጫፍ ወደ ሌላው ማዞር ማለት ነበር። ናይልሳት ከጅግጅጋ ሲታይ በምዕራብ በኩል፣ ከአድማስ 32 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኢትዮሳት በአንጻሩ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሲቆጠር 123 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከአድማስም 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ወደ አናት ተጠግቶ ነው ያለው። የሁለቱ ሳተላይቶች ርቀት 64 ዲግሪ ስለሆነ ሁለቱንም በአንድ ትንሽ ዲሽ መያዝ አይቻልም። የዓረብኛ ጣቢያዎችንም የአገር ውስጥ ጣቢያዎችንም የሚፈልግ ቤት ሁለት ዲሽ ተክሎ ዳይሴክ በሚባለው መቀያየሪያ ማገናኘት ይኖርበታል። እዚህ ላይ የሚፈጠር አንድ የተለመደ ስህተት አለ። የኢትዮሳት ኬብል በመቀያየሪያው ሁለተኛ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ሪሲቨሩ ላይ አንደኛው ከተመረጠ፣ ዲሹ ምንም ያህል በትክክል ቢተከል ምስል አይመጣም።

ሌላው የስህተት ምንጭ አዲስ አበባ ላይ ሆነው በተዘጋጁ የስልክ ቪዲዮዎች መመራት ነው። ያው ሳተላይት ከአዲስ አበባ ሲታይ 115 ዲግሪ ገደማ አቅጣጫና 66 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። የ60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ጨረር ስፋቱ ሦስት ዲግሪ፣ የ90 ሴንቲ ሜትሩ ደግሞ ሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ በመሆኑ በአዲስ አበባው ልክ የተተከለ ዲሽ ጅግጅጋ ላይ ሳተላይቱን ይስተዋል። በክልሉ ሰሜናዊ ክፍል ውስጥ ግን ልዩነቱ አነስተኛ ነው። በሺኒሌ 122 አቅጣጫና 69 ከፍታ፣ በአይሻ ደግሞ 126 አቅጣጫና 69 ከፍታ ገደማ ይሆናል። ቶጎ ውጫሌ፣ ቀብሪበያህና አውበሬ ከጅግጅጋው ቁጥር ብዙም ስለማይርቁ በዚያው ጀምሮ ጥቂት ማስተካከል ይበቃል።

አቅጣጫውን በስልክ ኮምፓስ የሚለካ ሰው ከቆርቆሮ ጣሪያው፣ ከብረት ምሰሶውና ከዲሹ ጥቂት እርምጃ መራቅ አለበት፤ ብረት ኮምፓሱን ያሳስታልና። ከዚያ በፊት ደግሞ ምሰሶው ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱንቢ ወይም በውኃ ልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምሰሶው ካዘመመ በዲሹ መያዣ ላይ የተጻፈው የዲግሪ ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው የዲሹ ፊት ነው። የተለመደው ትንሽ ዲሽ የተቀበለውን ጨረር ከመሀል ሳይሆን ከታች ወደተዘረጋው ክንድ ስለሚያንጸባርቅ፣ ፊቱ የሚመለከት ከሚመስለው ቦታ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ወዳለ ሰማይ ነው የሚያየው። ስለዚህ 70 ዲግሪ ላይ ያለውን ሳተላይት የሚይዝ ዲሽ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ አይንጋለልም፤ ከቋሚው ወደ ኋላ እኩሌታ ያህል ያዘመመ ይመስላል። የአንዳንድ ርካሽ ዲሾች መያዣ እስከዚህ ከፍታ ላይደርስ ስለሚችል ከመግዛት በፊት ማየት ይበጃል። ኤልኤንቢው መሀሉ ላይ የተሰቀለበት ትልቅ ክብ ዲሽ ያለው ሰው ግን ሌላ ጣጣ አለበት። ፊቱ በእርግጥም ወደ ሰማይ ስለሚንጋለል የዝናብ ውኃና አቧራ ያቁራል፤ ዝቅ ባለው ቦታ ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው ዝናቡ ካባራ በኋላም ምስሉ ላይመለስ ይችላል።

ዲሹ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረውና አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው የኤልኤንቢው መዞር ነው። ኢትዮሳትን የሚያሠራጨው ሳተላይት ማዕበሎቹን በሁለት ቀጥተኛ አቀማመጦች፣ በሆሪዞንታልና በቨርቲካል ይልካል። ሳተላይቱ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ስላለ እነዚህ አቀማመጦች ለጅግጅጋ ተመልካች አግድም ወይም ቁልቁል ሆነው አይደርሱም፤ ያዘመሙ ናቸው። ከዲሹ ኋላ ቆሞ ወደ ሳተላይቱ የሚመለከት ሰው ኤልኤንቢውን ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ 56 ዲግሪ ያህል ማዞር ይጠበቅበታል። ይህ ትንሽ ማስተካከያ አይደለም። ኤልኤንቢው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተደረገ እንደሆነ አንዱ ጣቢያ እየታየ ሌላው ሊጠፋ፣ ወይም ሁሉም ደክመው ነፋስ በነካቸው ቁጥር ሊቆራረጡ ይችላሉ።

ሥራው ሁሉ የሚለካው በሪሲቨሩ ገጽ ላይ በሚታዩት ሁለት መስመሮች ነው። አንዱ የሲግናል ጥንካሬን፣ ሁለተኛው ጥራትን ያሳያል። ጥንካሬው 70 ወይም 80 በመቶ ስላሳየ ዲሹ ተስተካክሏል ብሎ መውረድ ስህተት ነው፤ ኤልኤንቢው ኃይል አግኝቶ ከሠራ ዲሹ ባዶ ሰማይ ቢያይም ይህ መስመር ከፍ ሊል ይችላል። ሳተላይቱ መገኘቱን የሚናገረው ጥራት የሚለው መስመር ብቻ ነው። ለፍለጋ የኤልኤንቢው ዓይነት ዩኒቨርሳል፣ 9750 እና 10600 ተብሎ ከተመረጠ በኋላ በኢትዮሳት የታወቀው 11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000 የሚለው ፍሪኩዌንሲ ይገባል። ፍሪኩዌንሲ በየጊዜው ሊለወጥ ስለሚችል ጣቢያዎቹ በስክሪናቸው ግርጌ የሚያስነብቡትን መከታተል ተገቢ ነው። ለኤችዲ ሥርጭት ያልተሠራ አሮጌ ሪሲቨር ደግሞ በየትኛውም ዲሽ ቢደገፍ የኤችዲ ጣቢያ አያሳይም። መለወጥ ያለበት ሪሲቨሩ የሆነበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነው።

ኬብልም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሪሲቨሩ በዚያው ኬብል ለኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ለቨርቲካል 13፣ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት። ኬብሉ ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ በየቦታው በፕላስተር ከተቀጣጠለ ወይም ጫፉ ከዛገ ቮልቴጁ በመንገድ ይወርዳል፤ ኤልኤንቢውም 18 መላኩን ሳያውቅ በቨርቲካል ላይ ይቀራል። የሆሪዞንታል ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ሁሉም ጠፍተው ቨርቲካሎቹ ከቀሩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኬብሉና የሪሲቨሩ ኃይል ሰጪ ክፍል ነው። አርጂ 6 የተባለውን ወፍራም ኬብል ያለ ቅጥያ መዘርጋት፣ ከኤልኤንቢው ሥር ኬብሉን ወደ ታች ቆልመም አድርጎ ውኃው እንዲንጠባጠብ መተው፣ መገጣጠሚያውንም በጎማ መሸፈን ብዙ ወጪ አያስከትልም። በሲቲ ዞን ቆላማ አካባቢዎች የፀሐዩ ግለት የኤልኤንቢውን የፕላስቲክ ክዳን ሰንጥቆ እርጥበት ያስገባል፤ የተሰነጠቀ ክዳን ያለው ኤልኤንቢ በቀን እየሠራ በንጋት ጤዛ ሊያስቸግር ይችላል።

የጅግጅጋ ሜዳ ነፋስ የታወቀ ነው። በሲቲ ዞን የሚገኘው 120 ሜጋ ዋት የአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በዚያ የተተከለውም የአካባቢው ነፋስ ብርቱ ስለሆነ ነው። ይኸው ነፋስ ዲሽን ያዞራል። የ90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ጠርዝ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቢገፋ አቅጣጫው አንድ ዲግሪ ይለወጣል፤ ይህም ከጨረሩ ግማሽ ስፋት ጋር እኩል ነው። ትልቅ ዲሽ ከ60ው ከሁለት እጥፍ በላይ ሲግናል ቢሰበስብም ለነፋስም ሰፊ ሸራ ይሆናል። ምሰሶውን በቆርቆሮና በቀጭን እንጨት ላይ ከመቸንከር ይልቅ በግንብ ላይ ወይም በመሬት በሲሚንቶ ማቆም፣ ብሎኖቹንም ነፋሱ ከመበርታቱ በፊት ማጥበቅ ይመረጣል። ለኢትዮሳት መሬት ላይ መትከል የሚያሳጣው ነገር የለም። ሳተላይቱ ወደ አናት የተጠጋ በመሆኑ የካራማራ ተራራም ሆነ የጎረቤት ቤት አይከልለውም፤ የሚከልለው አጠገቡ የቆመ ዛፍ ወይም ከፍ ያለ ግድግዳ ብቻ ነው።

ከባድ ዝናብ ሲጥል ምስሉ ለደቂቃዎች መጥፋቱ ግን የዲሹ ጥፋት አይደለም። ዲሾች የሚቀበሉትን ማዕበል የዝናብ ጠብታ ይመጠዋል። ኢትዮሳት ከናይልሳት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ማዕበሉ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ከሌላው ግማሽ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው፤ በዚህ ረገድ የጅግጅጋ ተመልካች ተጠቃሚ ሆኗል። በዝናብ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ መነካካት በጎ ውጤት የለውም፤ ከመብረቅና ከሚያዳልጥ ቆርቆሮ ጋር ሕይወትን ማወራረድ ነው። ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ረጅም የብረት ምሰሶ ማንሳትም በደረቅ ቀን እንኳ ይገድላል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመጋቢት 7 እና ከመስከረም 17 በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ምስሉ ለደቂቃዎች ሊጠፋ ይችላል። በእነዚያ ቀናት ፀሐይ ከጅግጅጋ ሲታይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ ሙቀቷ የሳተላይቱን ድምፅ ይሸፍነዋል። ተመልካቹ ምንም ማድረግ አይኖርበትም፤ በራሱ ይመለሳል። ነገር ግን ይህ አጋጣሚ ዲሽ ለመትከል ላሰበ ሰው ነፃ መለኪያ ነው። በመስቀል በዓል ሰሞን በዚያ ሰዓት፣ ዲሹ ሊተከል በታሰበበት ቦታ ላይ የዛፍ ወይም የግድግዳ ጥላ ካረፈ ሳተላይቱም በዚያው ዛፍ ወይም ግድግዳ ይከለላል። ፀሐይ በቀጥታ ከመታችው ቦታው ክፍት ነው።

ዲሽ የሚያስተካክል ባለሙያ የሚያስመጣ ቤተሰብ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሪሲቨሩ ላይ የሚታየውን የጥራት ቁጥር በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ሲጠናቀቅም እንደገና ማንሳት ይችላል። ክፍያውን ከሁለተኛው ፎቶ በኋላ መፈጸም በገበያው ላይ እንግዳ ነገር አይሆንም። በፎቶው ላይ ጥራቱ ከፍ ካላለ ኤልኤንቢው መዞሩን፣ የኬብሉ ጫፍ መታደሱንና ምሰሶው በቱንቢ መለካቱን መጠየቅ ይገባል።