ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ማዶ ያሉ አኒሜሽኖች

አህያ፣ ውሻና ፍየል አንድ ቀን አብረው ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሂሳቧን በትክክል ከፍላ ወረደች። ውሻም ከፈለ፤ ሹፌሩ ግን መልሱን ሳይሰጠው መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ፍየል ሳትከፍል ዘላ ወርዳ ጠፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አህያ መኪና ሲመጣባት ከመንገዱ ንቅንቅ አትልም፤ ዕዳ የለባትማ። ፍየል የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ትበረግጋለች። ውሻ ደግሞ መልሱን ለመቀበል እስከ ዛሬ መኪና እየጮኸ ያሳድዳል።

ይህን ወግ ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ በ2011 «ሂሳብ» ብሎ አጭር አኒሜሽን ሠራበት። (በዓ.ም. ካልተጻፉት በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዕዝራ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ኑሮውን ኒው ዮርክ ያደረገ ሰው ነው። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ሸራ ወጥሮ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ብቻ በቀለም ሸፍኖ በላዩ ላይ ቀጣዩን ይሥላል፣ እንደገና ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ አህያዋ ትራመዳለች፣ ታክሲው ይታጠፋል። ሥራው ሲያልቅ ሸራው ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው፤ የቀሩት በሙሉ ከሥሩ ተሸፍነዋል።

ይህ አሠራር ለአዲስ አበባ እንደ ልኳ የተሰፋ ይመስላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ፣ የፒያሳ መንገዶች ተለውጠው ያየ ሰው አንዱ ሥዕል በሌላው ላይ ሲደረብ ሲመለከት ልቡ የሚያስታውሰው ነገር አያጣም። የዲዝኒም ሆነ የፒክሳር ባለሙያ ይህን ሊሠራው አይችልም ነበር፤ ችሎታ አንሶት ሳይሆን ወጉ የራሱ ስላልሆነ ነው።

ከታች የሚጠቆሙት ፊልሞች የተመረጡት በዚህ ዓይን ነው። አብዛኛው ተመልካች አኒሜሽን ሲባል የሚያስበው ከሆሊውድ ወይም ከጃፓን ትልልቅ ድርጅቶች የሚወጣውን ነው። ከእነዚያ ማዶ የሚሠራው ግን፣ ከአየርላንድ ይምጣ ከላትቪያ፣ ብዙ ጊዜ ለአራዳ ሰው ይበልጥ ይቀርባል።

ነገሩ ከድካሙ ይጀምራል። ሲኒማ በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። በእጅ የሚሥሉ ሰዎች አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያስነሱ በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃቸዋል፤ እንዲያም ሆኖ አምስት ደቂቃ 3,600 ሥዕል ይፈልጋል። ትልቁ ስቱዲዮ ይህን ለብዙ መቶ ሰዎች ያከፋፍለዋል። ገንዘብ የሌለው ሠሪ ያለው ምርጫ ፊልሙን ማሳጠር፣ ዓመታት መታገሥ ወይም አዲስ ዘዴ መፍጠር ነው። ውበቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ2019 የወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን «አወይ»ን ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ጨምሮ ብቻውን ሠራው። ሁለተኛው «ፍሎው» በ2024 ወጣ። አንዲት ጥቁር ድመት ዓለምን ያጥለቀለቀ ጎርፍ ሲመጣባት በጀልባ ላይ ከውሻ፣ ከሌመር፣ ካፒባራ ከተባለ የደቡብ አሜሪካ እንስሳና ከአንድ ባለ ረጅም እግር የአፍሪካ ወፍ ጋር ትገናኛለች። ፊልሙ የተሠራው ብሌንደር በተባለ፣ ማንም ሰው በነፃ አውርዶ ሊጠቀምበት በሚችል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ወጪው ወደ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። አብሮት ለኦስካር የታጨው የፒክሳር «ኢንሳይድ አውት 2» ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። በመጋቢት 2025 ሽልማቱን የወሰደችው ድመቷ ናት፤ ለላትቪያም የመጀመሪያው ኦስካር ሆነ።

በ«ፍሎው» ውስጥ አንድም ቃል አይነገርም። ድመቷ ድመት ናት፤ ትጮኻለች፣ ትፈራለች፣ ዓሣ ታጠምዳለች። እንግሊዝኛ የማይሰማ የስድስት ዓመት ልጅና ከጎኑ የተቀመጡት አያቱ እኩል ይረዱታል፤ ተርጓሚ አያሻቸውም፣ ከሥር የሚሮጥ ጽሑፍም ማንበብ የለባቸውም። በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረው የድሮ ፊልም ቤት «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም ባተረፈበት ዘመን የፒያሳ ሰው ሲኒማን የተዋወቀው በዓይኑ ነው። ኋላም በሲኒማ ኢትዮጵያና በአምፒር የህንድ ፊልም ቋንቋውን ሳያውቅ ተከታትሎ፣ አልቅሶ የወጣ ሞልቷል። ቶምና ጄሪም ቤት ውስጥ የገቡት ያለ ንግግር ነው። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ የሚቀርብ አኒሜሽን እምብዛም በሌለበት አገር፣ ቃል የሌለው ፊልም መፈለግ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው።

እንዲህ ያሉ ሌሎችም አሉ። የስፔኑ ፓብሎ በርገር በ2023 የሠራው «ሮቦት ድሪምስ» በ1980ዎቹ ኒው ዮርክ ብቻውን የሚኖር ውሻ ሮቦት ገዝቶ፣ ገጣጥሞ ጓደኛ ሲያደርገው ያሳያል። ለልጅ ይመስላል፤ ከወዳጁ ተለያይቶ ሕይወቱን የቀጠለ አዋቂ ግን ከልጁ ይልቅ ይነካዋል። የብራዚሉ አሌ አብሬው በ2013 ያወጣው «ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ወርልድ» ደግሞ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የወጣ አባቱን የሚከተል ትንሽ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ ሕፃን በእርሳስና በከለር የሣለው ይመስላል። ሰዎቹ ጥቂት ይናገራሉ፣ ግን ፖርቱጋልኛው ተገልብጦ ስለሚነገር ብራዚላዊውም አይሰማውም። ጥጥ ለቃሚው፣ ፋብሪካው፣ ከተማው ዳር በኮረብታ ላይ የተደራረቡት ቤቶች ሁሉ በዓይን ብቻ ይነበባሉ። ከገጠር ዘመድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የአየርላንዱ ካርቱን ሳሎን ነው። ስቱዲዮው በ1999 የተቋቋመው ዋና ከተማዋ ደብሊን ውስጥ ሳይሆን ኪልኬኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ እስካሁን አራት ረጅም ፊልሞቹ ለኦስካር ታጭተዋል። የመጀመሪያው፣ በ2009 የወጣው የቶም ሙር «ዘ ሲክሬት ኦቭ ኬልስ»፣ በገዳም ስለሚያድግ ብሬንደን ስለሚባል ልጅ ነው። የገዳሙ አበምኔት ከባሕር የሚመጡ ወራሪዎችን ፈርተው ቀን ከሌት ግንብ ያስገነባሉ። ልጁ ግን ልቡ ያለው በብራና መጽሐፍ ላይ ነው። ቀለም የሚወጣበትን ፍሬ ሊለቅም ወደ ተከለከለው ጫካ ይገባል። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ብዕር አያያዝ ያስተምሩታል።

ፊልሙ የሚያስገርመው በአሣሣሉ ነው። ሠዓሊዎቹ የተከተሉት በ800 ገደማ የተጻፈውንና ዛሬ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚገኘውን የኬልስ ወንጌል ነው። ሩቅና ቅርብ በመጠን አይለዩም፣ ሰው ከፊት ለፊት ይቆማል፣ የገጹ ዳርቻ እርስ በርሱ በሚተሳሰር ሐረግ ይታጠራል። የግዕዝ ብራና የገለጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በኛም ዘንድ ሐረጉ አለ፤ ከጥላሸትና ከቅጠል የሚዘጋጀው ጥቁር ቀለም፣ ለቅዱሳን ስም የሚቀመጠው ቀይ ቀለም አለ። አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ደግሞ በካርቦን ሲመረመር ከኬልሱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የቀደመ ሆኖ ተገኝቷል። ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ግቢ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን የጎበኘ ሰው ፊልሙን በዚያው ሳምንት ቢያየው ዝምድናውን ራሱ ይደርስበታል።

በተከታታይ ሥዕል ታሪክ መናገርም ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሣጥኖች ይሣላል፤ ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ንግሥ። ገጸ ባሕርያቱ ከሣጥን ወደ ሣጥን ይጓዛሉ፤ ከሥር በአማርኛ ተጽፏል። አየርላንዳውያኑ ከራሳቸው ብራና ፊልም ካወጡ፣ ከእነዚህ ሣጥኖችም ሊወጣ ይችላል።

ከዚያው ስቱዲዮ በ2017 የወጣው የኖራ ቱሚ «ዘ ብሬድዊነር» ከበድ ይላል። በታሊባን ዘመን በካቡል አባቷ የታሰረባት ፓርቫና ቤተሰቧን ለማብላት ጸጉሯን ተቆርጣ እንደ ወንድ ልጅ ትወጣለች። ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ላሉት፣ በተለይ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ለሚያዩት፣ ብዙ የሚያነጋግር ነው።

አፍሪካም በዚህ ጥበብ እንግዳ አይደለችም። የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን በ1966 «ቦን ቮያዥ ሲም» የተባለ አምስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ፊልም ሠራ። የእንቁራሪቶች ፕሬዚዳንት ሲም ወደ ጎረቤት አገር ለይፋዊ ጉብኝት ይሄዳል፤ ሲመለስ ወንበሩ ተይዞ ይጠብቀዋል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች በ1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ በአዲስ አበባ የተሞከረውን የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ማስታወሱ አይቀርም። እዚህ ንጉሡ ተመልሰው ዙፋናቸውን አገኙ፤ ሲም ግን አልቀናውም። የአላሳን መስመሮች ቀላል ናቸው፣ ምጸቱ ግን ዛሬም ትኩስ ነው።

ልጅነቱን በጊኒ ኮናክሪ ያሳለፈው ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ ደግሞ በ1998 «ኪሪኩ»ን አወጣ። ኪሪኩ ገና በማኅፀን ሳለ የሚናገር፣ ራሱ ተወልዶ ራሱን የሚያጥብ ሕፃን ነው። መንደሩ ሁሉ ጠንቋይዋን ካራባን ሲፈራ፣ እሱ ብቻ «ለምን ክፉ ሆነች?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ፊልሙ ውስጥ አለ፤ አስቀድሞ መናገር ተመልካችን መበደል ነው። ሙዚቃው የሴኔጋሉ ዩሱ ንዱር ነው። አከፋፋዮች የሴቶቹን ደረት ሸፍንልን ቢሉት ኦስሎ እምቢ አለ፤ መንደሩ እንደሚያውቀው ሆኖ ቀረ። ፈረንሳይኛ ለሚሰማ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የሚመከረው ይህ ነው።

አገር ውስጥም መሠረት ተጥሏል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ያደገው ትውልድ ልጆች ሲወልድ፣ ልጆቹ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አገኙ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር በ2006 የጀመሩት ይህ ፕሮግራም ዋና ገጸ ባሕርዩ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ መጀመሪያ በአሻንጉሊት ነበር የሚሠራው። ብሩክታዊት በ2010 ለወጣቶች የሚሰጠውን የሮሌክስ ሽልማት አገኘች። ድርጅታቸው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ቀጥሎ «ጥበብ ገርልስ»ን በአኒሜሽን ሠራ። የልዕለ ኃይል ባለቤቶቹ ሦስት ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶች ናቸው፤ የሚዋጉት ያለዕድሜ ጋብቻንና መሰል ጎጂ ልማዶችን ነው። በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ ጉዳይ በካርቱን መነሳቱ በራሱ ትልቅ ድፍረት ነው፤ ሊመሰገን ይገባል።

የት ይታያሉ? ኢንተርኔት ያለው ሰው አብዛኞቹን ያገኛቸዋል። በፒያሳ አካባቢ የሚገኘው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ለፈረንሳይኛ ፊልም የተመቸ ቤት ነው። ዕዝራ ውቤ በ2015 የመሠረተው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል ደግሞ ሥራዎችን ሰው በሚያልፍባቸው የከተማዋ ቦታዎች ጭምር ያሳያል። ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚቀመጥ በ«ፍሎው» ይጀምር፤ ጎርፉ ሊያስፈራ ስለሚችል ማቀፍ ያስፈልግ ይሆናል። ብቻውን ማታ የሚያይ አዋቂ «ሮቦት ድሪምስ»ን ያስቀድም። የሥዕል ተማሪ «ኬልስ»ን ሁለት ጊዜ ይየው፦ መጀመሪያ ለታሪኩ፣ ቀጥሎ ድምፁን አጥፍቶ ለሐረጉ። ብሌንደርን ማውረድ የሚፈልግም ተራ ላፕቶፕ ካለው መጀመር ይችላል።